ድርቆሹን ያልነኩት ፈረሶች

በሥራ ዘመኔ ብዙ ወረቀት ፈርሜአለሁ። ከሁሉም ግን አንዷ ናት እስከ ዛሬ ሳስባት ሆዴን የምትበላኝ። የእሷን ነገር ላጫውታችሁ ነው የተነሳሁት። ስትሰሙ "ይቺ ሴትዮ ምን ነክቷት ነው?" ማለታችሁ አይቀርም። በሉ፣ ግዴለም፤ እኔም ራሴን ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ።

ያኔ የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ነበርኩ። ስሜ ፈንታነሽ ነው፤ የቀረበኝ ሰው ፈንቴ ይለኛል። ዳንግላ ተወልጄ ያደግሁ የከተማ ልጅ ነኝ፣ አዊኛ ከሰላምታ በላይ አላውቅም። አባቴ ባለጋሪ ነበር። እኛ ቤት ፈረስ ማለት ቀኑን ሙሉ ሰውና እህል ሲያመላልስ ውሎ ማታ ገለባ የሚጣልለት እንስሳ ነው። እንወደው ነበር፣ አልዋሽም። ግን ደህና ነገር ሲገኝ "ይሄስ ለፈረሱ ይሁን" የሚል ሰው በሰፈራችን ሰምቼ አላውቅም። ጥፋቴ የበቀለው እዚህ ላይ ነው።

ተምሬ የእንስሳት መኖ ባለሙያ ሆንኩና እንጅባራ ላይ በአንድ የምርምር ፕሮጀክት ተቀጠርኩ። ሥራችን ከውጭ የመጣ አዲስ መኖ በበሬዎች ላይ መሞከር ነበር። ከመኖው ጋር የተቀላቀለ አንድ መድኃኒት አለ፤ በሬው የበላውን በደንብ እንዲጠቀምበት ያደርጋል ይባላል። መኖው አገራችን ውስጥ ስላልተመዘገበ እንደ ሌላው ዕቃ አይገባም። የሚገባው "ለምርምር ብቻ" ተብሎ በልዩ ፈቃድ ነው። ያንን ፈቃድ ለማውጣት ሰባት ወር ሙሉ አዲስ አበባ ተመላልሻለሁ። ፋይሉን የያዙት ሴትዮ መነጽራቸውን አውልቀው፣

"ከሙከራው በሬ ሌላ እንስሳ እንደማይበላው ማን ነው ኃላፊው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ፤ ፈረምኩ።

ግዴታዎቹ ብዙ ናቸው። መኖው አይሸጥም። ለጎረቤት አይሰጥም። የሙከራው በሬ የተባለው ጊዜ ሳያልፍ አይታረድም። ባዶው ጆንያ ሳይቀር ተመልሶ በቃለ ጉባኤ ይቃጠላል። ለገበሬዎቹ እንዲሆን ይሄን ሁሉ በአንድ ገጽ አማርኛ አዘጋጀሁ። ጆንያው ላይ በውጭ ቋንቋ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ረጅም ነበር፤ የሚጠቅመውን እየመረጥኩ ተረጎምኩት። ከታች አካባቢ "ለፈረስ አይሰጥም፣ ይገድላል" የምትል አንዲት መስመር ነበረች። ገጹ ሞልቶብኝ ነበር። ሙከራው የበሬ ነው፣ ፈረስን እዚህ ምን አመጣው አልኩና ተውኳት።

ከሙከራው ገበሬዎች አንዱ አያ ምናለ ነበሩ። ከእንጅባራ ወደ ጥሊሊ በሚወስደው መንገድ ላይ ከሚኒባስ ተወርዶ፣ ከዚያ በእግር አርባ ደቂቃ ያህል ገባ ይባላል። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳው የተጠጋ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። አባታቸው አባ ገላነህ በመስከረም መጀመሪያ አረፉ። አባ ገላነህ በዚያ አገር የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ፤ ስማቸው ሲነሳ ሰው ሁሉ ስለ ፈረስ ማውራት ይጀምራል። ተዝካራቸው ጥቅምት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ላይ ዋለ።

በዚያ ሰፈር ልማድ ፈረሰኛ ሲሞት በአርባው ከየቀበሌው ፈረሰኞች ዋዜማውን ይገባሉ፣ እዚያው ያድራሉ። በማግስቱ ተዝካሩ ከተበላ በኋላ ሜዳው ላይ ይጋልቡለታል። የሟቹ ፈረስ ኮርቻው ባዶ ሆኖ ከፊት እየተመራ ይሄዳል። አያ ምናለ ግን "የአባቴ ኮርቻ ባዶውን አይዞርም፤ ዳማውን እኔው እጋልበዋለሁ" ብለው ለእናታቸው ቃል ሰጥተው ነበር።

እኔ የሄድኩት በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ብዬ ነው። ለተዝካሩም እደርሳለሁ፣ የወሩንም ባዶ ጆንያ እሰበስባለሁ።

ያን ጠዋት ጭጋጉ ለጉድ ነበር። ከሚኒባሱ ወርጄ፣ ገበሬው ለከሰል በሚያለማው የዲከረንስ ዛፍ ደን መሐል ስሄድ እጄን ዘርግቼ ጣቴን በደንብ አላየውም። ከሰል የሚያከስሉበት ጭስ ከጭጋጉ ጋር ተደባልቆ ዓይኔን ያቃጥለኛል። አሥር ጊዜ የሄድኩበት መንገድ ጠፍቶብኝ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ሦስተኛው ላይ ከዛፎቹ ማዶ የቀርከሃ አጥር ታየኝና፣ ተመስገን ደረስኩ አልኩ። አጥሩን ታክኬ ስሄድ ፊቴ ላይ ድንገት የፈረስ ጭንቅላት መጣብኝ። ልነካው ትንሽ ሲቀረኝ ነው ያየሁት።

አልደነበረም። ዞር እንኳ አላለም።

ከጎኑ ሌላ ነበረ፣ ከእሱ ጎን ሌላ። አሥራ ሁለት ፈረሶች በአጥሩ ዙሪያ ታስረዋል። ጋሪ ቤት ያደገ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ፈረስ ቆሞም ዝም አይልም። መሬት ይጭራል፣ ጅራቱን ያወናጭፋል፣ ያንኮራፋል፣ ጓደኛውን ይነክሳል። እነዚህ ድምፅ አልነበራቸውም። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ወደ መሬት ያያሉ። ከየፊታቸው የተቆለለው ድርቆሽ ከማታው እንዳለ ነው፤ ጤዛ ወርዶበታል፣ አንዲት ሰበዝ አልተመዘዘችም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ የፈረሶቹ አንገትና ብብት ግን በላብ ርሷል። ላቡ እየተነነ ወደ ጭጋጉ ይገባል። ሳላውቀው ሳማትብ ነበር።

"አትጠጊያቸው ልጄ፤ ሐዘን ላይ ናቸው" የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

እማ ጥሩ ነበሩ፣ የሟቹ ባለቤት፣ የአያ ምናለ እናት። ጥቁር ለብሰው ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ላጽናናቸው ጠጋ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆኑት እማ?"

"ከሌሊቱ። ማታ ሲገቡ ደህና ነበሩ፣ ሲፈነጩ ነበር። ጎህ ሳይቀድ እሱ መጣ።"

"ማን?"

"ገላነህ ነዋ።" ስለ ጎረቤት የሚያወሩ ይመስል ነበር። "ተኝቼ ሰማሁት። በአጥሩ ዙሪያ እየዞረ እያንዳንዳቸውን ያናግራል። በአዊኛ ነው፣ በቀስታ፣ ሲለምን እንደነበረው። ስልሳ ዓመት አብሬው ኖሬ ድምፁ ይጠፋኛል? ልወጣ ብዬ ፈራሁ። ሲነጋ ብወጣ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው። ላባቸውን ተመልከቺ፤ እጁ ያረፈበት ነው።"

ዳማው፣ የአባ ገላነህ ፈረስ፣ ከሁሉም ፈንጠር ብሎ ታስሯል። የፊት እግሮቹን አራርቆ ነው የቆመው፣ መሬቱ የሚከዳው ይመስል። ዓይኑ ክፍት ነው፤ እኛን ግን አያይም። ካህናቱ ከቤት ውስጥ ዜማውን ጀመሩ፤ ድምፃቸው በጭጋጉ ታፍኖ ከመሬት ሥር የሚወጣ መሰለኝ። እንባዬ መጣ። እናንተ ነገሩ ገብቷችኋል፣ አውቃለሁ። እኔ፣ ባለሙያዋ፣ በቁሜ አምኛቸው ነበር። ፈረስ ለጌታው እንዲህ ያዝናል ወይ ብዬ ሆዴ ባባ።

ጆንያ ልሰበስብ መምጣቴ ትዝ ያለኝ ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው። ወደ ጎተራው ሄድኩ። ካለፈው ወር ባዶዎች ሌላ፣ ለመጪው ወር የተቀመጡ ሁለት ሙሉ ጆንያዎች ሊኖሩ ይገባ ነበር፤ በጣሳ እየተሰፈረ የሚሰጥ የሁለት በሬ የወር ቀለብ ነው። ሁለቱም አሉ፣ ግን ባዶ ናቸው። በደንብ ታጥፈው፣ እኔ እንዳስተማርኳቸው በገመድ ታስረው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አሥራ ሁለት በአንገት የሚንጠለጠሉ የፈረስ ከረጢቶች ተደርድረዋል። አንዱን አንስቼ ውስጡን በጣቴ ጠረግሁ። አረንጓዴ ዱቄት፣ የኛ መኖ፣ ሽታው ሳይቀር።

ያቺ ያልተረጎምኳት መስመር ጆንያው ላይ ከነፊደሏ ታየችኝ። ለካ እንግዳ ፈረሰኛ ቤትህ ሲያድር ከሰውየው ይልቅ ፈረሱ ምን በላ ነው የሚባለው። ለካ ያ ቤት ያለውን ነገር ሁሉ አገላብጦ አይቶ፣ ከሁሉም ይበልጣል ያለውን፣ ከባሕር ማዶ የመጣውን፣ ለአባቱ እንግዶች ፈረሶች አቅርቧል። ገብሱ ጎተራው ውስጥ ሙሉ ነበር። አልተነካም።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር መጮህ አልነበረም። ሁለቱን ጆንያ ነጠላዬ ሥር ሸጎጥኳቸው። ለምን? እኔ እንጃ። እጄ ነው ያደረገው። ሰባት ወር የተመላለስኩበት ፈቃድ፣ "እኔ ነኝ" ብዬ የፈረምኩት፣ ፕሮጀክቱ፣ እንጀራዬ፣ ሁሉም እነዚያ ጆንያዎች ላይ ተጽፎ ታየኝ። በጓሮ በኩል ወጥቼ ወደ ጉብታው ሮጥኩ፤ ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

ባሕር ዳር ላሉት አለቃዬ ደወልኩ። ዶክተር ናቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው። በሦስተኛው ሙከራ ገባልኝ።

"ዶክተር፣ መኖውን ለፈረስ አብልተውታል።"

ጭጋጉ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ።

"ስንት ፈረስ?"

"አሥራ ሁለት። በከረጢት ሞልተው፣ ትናንት ማታ።"

"ስሚኝ ፈንታነሽ። መድኃኒቱ የሚጎዳው ልባቸውን ነው። ማርከሻ የለውም። ባሉበት ይቁሙ። ማንም እንዳይጋልባቸው፣ በእግርም እንዳይነዱ። የሮጠ ይወድቃል፤ የተቀመጠበትንም ሰው ይዞ ነው የሚወድቀው።"

"እሺ።"

"ማስጠንቀቂያው በአማርኛው ወረቀት ላይ አለ አይደል? የፈረሱ?"

ሳልመልስ ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ አልደወልኩም።

እዚያ ጉብታ ላይ፣ ካልተረጎምኳት መስመር የባሰ ነገር ትዝ አለኝ። መኖውን ያስረከብኩ ቀን አያ ምናለ ጆንያውን በእጃቸው መታ መታ አድርገው "ለፈረስስ ይሆናል?" ብለውኝ ነበር። እኔ የርክክብ ቅጹን እየሞላሁ ነበር፣ ቀና አላልኩም። "አዎ፣ ጥሩ ነው፤ እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ" አልኳቸው። ጥያቄውን እንደ ጨዋታ ነው የሰማሁት። የዳንግላ ባለጋሪ ልጅ ለፈረስ ያን ያህል የሚያስብ ሰው አለ ብላ አታስብም። ስለዚህ መርሳት ብቻ አልነበረም ጥፋቴ፤ ተጠይቄ ስጡ ብያለሁ።

ከታች መለከት ተነፋ። ተዝካሩ አልቆ ፈረሰኞቹ መውጣታቸው ነው።

እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ሜዳው ላይ ስደርስ ጭጋጉ ወደ ወገብ ወርዶ ነበር። ሰዎቹና ፈረሶቹ ከደረታቸው በላይ ብቻ ይታያሉ፤ የሚሄዱበት መሬት የለም። አሥራ ሁለቱም ፈረሶች በቀይና በአረንጓዴ ጥልፍ አጊጠዋል፣ አንገታቸው ግን እንደተደፋ ነው። የመጀመሪያው ፈረሰኛ በላይነህ የሚባል ወጣት ነበር። አንዴ ሲኮረኩረው ግራጫ ፈረሱ ተነሳ፤ ጥሩ አድርጎም ሮጠ። ኮቴው ሲመታ ይሰማኛል። እጄን እያወዛወዝኩ "ቁሙ" ልል አፌን ስከፍት፣ የሜዳው ጥግ ላይ ሲደርስ ኮቴው ቀጥ አለ። ፈረሱም ሰውየውም ጭጋጉ ውስጥ ገቡ። አንድ ከባድ ነገር መሬት ሲመታ ሰማን። ከዚያ ምንም።

በላይነህ ብቻውን ተነስቶ ቆመ። ትከሻውን ይዟል። ፈረሱ አልተነሳም።

ሰው ይጮሃል ብዬ ነበር። ማንም አልጮኸም። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ያ ቦታ ገላነህ ፈረሱን የሚያዞርበት ነው" አሉ። "ወስዶታል።"

ቃሉ በሕዝቡ መሐል ሲሄድ አየሁት። አንዱ ለአንዱ በአማርኛ ይላል፣ ሌላው በአዊኛ ይመልሳል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። ፈረሰኞቹ የሚፈሩ መስሎኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። እያለቀሱ ኮርቻቸውን ያጠባብቁ ጀመር። አባ ገላነህ ፈረሶቹን ከፈለጉ ማን ይከለክላቸዋል? ለእሳቸው የሚወድቅ ፈረስ ክብር አገኘ ማለት ነው። እንደዚያ ነበር የሚሉት፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አያ ምናለም የዳማውን ልጓም ይዘው ወጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። እማ ጥሩ ከኋላቸው ሆነው "ሂድለት፣ ልጄ" ይላሉ። አያ ምናለ እግራቸውን እርካቡ ላይ አደረጉ።

ሰዉን እየገፋሁ ደረስኩ። ልጓሙን ከእጃቸው ላይ ያዝኩ።

"አይውጡ። ይገድልዎታል።"

"ልቀቂ።"

"አባ ገላነህ አይደሉም። እኔ ነኝ።"

አልሰሙኝም መሰለኝ። ነጠላዬን ገለጥኩና ጆንያዎቹን አወጣሁ፤ ሰው ሁሉ እንዲያይ ከፍ አደረግኋቸው።

"እነዚህ ፈረሶች ሐዘን ላይ አይደሉም። ታመዋል። ትናንት ማታ የበሉት መኖ ለበሬ እንጂ ለፈረስ አይሆንም፤ የፈረስን ልብ ይገድላል። ጆንያው ላይ ተጽፏል። ወደ አማርኛ ስመልሰው እሷን መስመር የዘለልኩት እኔ ነኝ። ያመጣሁት እኔ ነኝ። ማንንም አባ ገላነህ አልወሰዱም። አሁን የጋለበ ሁሉ እንደ በላይነህ ይወድቃል።"

የፈረሰኞቹን ዓይን አልረሳውም። አንዱ ረጅም ሰው አለንጋውን ጨብጦ ወደ እኔ መጣ።

"ለቤቱ ሰዎች ነግረሻቸው ነበር ወይስ አልነገርሽም?" አለኝ።

አያ ምናለን አየሁ። እሳቸውም አዩኝ። ጠይቀውኝ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። አንዲት ቃል ቢናገሩ እዚያው አልቆልኛል። እኔም ራሴ መናገር ነበረብኝ፤ ዋጥኳት።

"አልነገርኩም" አልኩ። ግማሹ እውነት ነው።

"አልነገረችንም" አሉ አያ ምናለ። እግራቸውን ከእርካቡ አወረዱ። ከዚያ ቀስ ብለው የዳማውን ኮርቻ ይፈቱ ጀመር፣ ሌሎቹም አይተው ፈቱ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን እዚያ ሜዳ ላይ ነበርን። ፈረሶቹ ከቆሙበት አልተነቃነቁም፤ ውሃና ድርቆሽ ወደ እነሱ ተሸከምን። ከእንጅባራ የእንስሳት ሐኪም መጣ፣ ደረታቸውን አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፤ ጊዜ ነው የሚፈርደው አለ። ሁለት ተጨማሪ ፈረሶች ሞቱ፣ አንዱ በእሑድ፣ አንዱ በሰኞ። ሁለቱም ድምፅ አላሰሙም፤ ዞር ብለሽ ስትመለሺ ወድቀው ታገኚያቸዋለሽ። ባለቤቶቻቸው አልሰደቡኝም፣ ሰላምም አላሉኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዘጠኙ ማክሰኞ ላይ ድርቆሽ መንካት ጀመሩ፤ ዳማውም ከእነሱ ጋር ነው። ግን ሐኪሙ "ከእንግዲህ ፈረስ እንጂ መጋለቢያ አይደሉም" አለ፤ ልባቸው ጠባሳ ይዟል።

እማ ጥሩ ማክሰኞ ዕለት ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"መኖው ነው ብለሻል፣ እሺ፣ አምኛለሁ። ግን ሌሊት ሲያናግራቸው የሰማሁት ገላነህ ነው። እሱን አትከለክይኝም።"

"አልከለክልዎትም እማ" አልኳቸው።

የቀረው ሪፖርቱ ነው። በልዩ ፈቃድ የገባ ነገር ሲበላሽ የሆነውን ሁሉ ጽፈሽ፣ ገበሬው ተነቦለት ፈርሞበት፣ ለፈቃድ ሰጪው ታስገቢያለሽ። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ሜዳ ላይ የዋጥኳትንም አልተውኳትም፤ "አቶ ምናለ ለፈረስ ይሆናል ወይ ብለው ጠይቀውኝ፣ ሳላጣራ አዎ ብያለሁ" ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ ይዤላቸው ሄድኩ። ጎተራው ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ቃል በቃል አነበብኩላቸው። እዚያች መስመር ላይ ስደርስ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ጫኑ።

"ይቺን ተያት።"

"እውነት ናት እኮ አያ። እርስዎን ነፃ ታወጣለች።"

"ነፃ?" አሉ። ወደ ቤቱ ዞር ብለው እናታቸው አለመኖራቸውን አዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አዎ ብለሽኛል። ግን ልቤ አልተቀበለውም ነበር፤ ጥሩ ነው ያልሽው ሳታይኝ ነው። ቢሆንም እንግዳ መጣ፣ የአባቴ ስም ነው፣ ያለኝን ላቅርብ አልኩ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ ወጣሁ። ድርቆሹን አልነኩም። ገባኝ። ጎህ እስኪቀድ እየዞርኩ ብሉ፣ እባካችሁ ብሉ እያልኩ ለመንኳቸው። የዳማውን አንገት ይዤ አለቀስኩ።"

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

"እናቴ የሰማችው የኔን ድምፅ ነው" አሉ። "ድምፄ ወደ አባቴ ሄዷል፣ ሰው ሁሉ ይለኛል። ሲነጋ መናገር ነበረብኝ። እሷ 'መጣ፣ ዳሰሳቸው' ስትል ፊቷን አየሁት፤ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ሆና አላየኋትም። ዝም አልኩ። ዝም ብዬ እግሬን እርካብ ላይ አደረግሁ። ከዳማው ጋር ልወድቅ ነበር፣ እያወቅሁ። ጠይቆኝ ነበር ብለሽ ከጻፍሽ፣ ተጠራጥሮ ነበር ወይ ይላሉ፤ አንዱን ሲስቡት ሌላው ይመጣል። አንድ ቀን እናቴ ትሰማለች።"

ምን ላድርግ? ሪፖርቱን እንደገና ጻፍኩት። የራሴን ጥፋት አንዲት ሳላጎድል አስገባሁ፤ ለፈረስ ይሰጣል ወይ ተብዬ ተጠይቄ ሳላጣራ አዎ ማለቴንም ጨምሬ። የጠየቀኝ ከገበሬዎቹ ማን እንደሆነ ግን አልጻፍኩም። ሌሊት የነበረውንም አልጻፍኩም። አያ ምናለ በጣታቸው አተሙ። ፈቃዱ ተሰረዘ፣ የቀረው መኖ ተቃጠለ፣ እኔም ከሥራው ወጣሁ። አዲስ አበባ ያሉት ሴትዮ ስሜን አልረሱትም ነበር። "ኃላፊነቱን ስትፈርሚ ፈጥነሽ ነበር" አሉኝ እንጂ ሌላ አልተናገሩኝም።

አሁን በሌላ ቦታ የምሠራው ሥራ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ወጣት ባለሙያዎች ማስጠንቀቂያ ተርጉመው ሲያመጡልኝ አስቸግራቸዋለሁ። "ይሄ እኛን አይመለከትም" ብለው የተዉትን መስመር መልሰው እንዲያስገቡ አስገድዳለሁ፤ ጨቅጫቃ ሴትዮ ይሉኛል፣ ይበሉኝ። ገበሬ ሲጠይቀኝ ብዕሬን አስቀምጬ ፊቱን አያለሁ። አንባቢዎቼ፣ እናንተም ሥራችሁ ምንም ይሁን፣ ሰው ጆንያችሁን መታ መታ አድርጎ አንድ ነገር ሲጠይቃችሁ ቀና በሉ። እኔ ብዙ ዘዴ አልተማርኩም፤ የተማርኩት ይሄን ነው።

ይሄን ታሪክ እስከ ዛሬ ሙሉውን ለማንም አላወራሁም ነበር። ባለፈው ክረምት ስልኬ ጮኸ፤ ቁጥሩን አላወቅሁትም። ድምፁን ግን ለየሁት፤ ያረጀ፣ ቀስ ያለ፣ የሚለምን ድምፅ ነው።

"ፈንታነሽ፣ ምናለ ነኝ። እናቴ አረፈች፤ ዛሬ አርባዋን አወጣን።"

"እግዜር ያጽናዎት አያ። ሳልሰማ ቀረሁ።"

"እሱን ተይው። እስከ መጨረሻዋ ስታወራው ነበር፣ ያን ሌሊት። አልጋ ላይ ሆና እንኳ 'ፈረሶቹን ሊያይ መጥቶ ነበር' ትለኝ ነበር፣ እኔን። እኔም 'አዎ እማ፣ መጥቶ ነበር' እላታለሁ። ከእንግዲህ የምትሰማ የለችም። ያቺን ተያት ያልኩሽን መስመር አሁን ጻፊያት። የዚያን ሌሊት የኔንም ጥፋት ጭምር።"